ነጠላዬን የያዘችው ልጅ

ሮቤ መዋለ ሕፃናት ውስጥ ለዓመታት ሞግዚት ሆኜ ከሠራሁ በኋላ፣ ከከተማው መምህራን ኮሌጅ አንድ ኃላፊ መጥቶ "የሕፃናት መምህርነት ለሚማሩት አሠራርዎን ያሳዩልን፤ ከወደዱት እንቀጥርዎታለን" አለኝ። እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ።

ሠልጣኞቹ ሊያዩኝ በመጡበት ዕለት አንዲት አዲስ የገባች ሕፃን ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። ሠልጣኞቹ ከረሜላ ይዘው ቢከቧት ጭራሽ ባሰባት። ገለል በሉ አልኳቸውና ነጠላዬን ወደ ኋላ ለቅቄ፣ ጀርባዬን ሰጥቻት መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

"አዳዳ፣ እርስዎም አኮረፉ እንዴ?" አለ አንዱ፤ አክስቴ ማለቱ ነው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።

ቆይቶ ነጠላዬ ሳብ ሲል ተሰማኝ። ዞሬ አላየኋትም። ቀስ ብዬ ተነሥቼ ስራመድ ጫፉን እንደያዘች ተከተለችኝ፤ ልቅሶዋንም ተወች።

"እጇን ለምን አልያዙም?" አለችኝ አንዷ ሠልጣኝ።

"እኔ ከያዝኳት ለማምለጥ ትታገላለች። እሷ ከያዘችኝ ግን ስትፈልግ ትለቀኛለች፤ ስለዚህ አትፈራም።"

ኃላፊው "ነገ ለሌላው ክፍል ይድገሙልን" አለኝ።

"ጌታዬ፣ እኔ ሰሌዳ ላይ መጻፍ አልችልም።"

"እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ እጽፋለሁ" ብሎ ጠመኔ አነሣና ስለ ልጅቷ የተናገርኩትን እዚያው ሰሌዳ ላይ ጻፈ። የጻፈውን አጥርቼ ማንበብ አልቻልኩም፤ ሠልጣኞቹ ግን ደብተራቸውን አውጥተው ይገለብጡ ጀመር።