በእናንዬ አፍ የቀናሁባቸው ዓመታት

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ሰማያዊ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «እማማ፣ ለተለዋጭ ዘይቤ ምሳሌ ስጪኝ፤ ነገ ይታረማል» አለችኝ። ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ሰው ለመናገርም ይታክተዋል፤ እኔም በረንዳ ላይ እግሬን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬ ተቀምጬ ነበር። ደብተሩን ተቀብዬ ስገልጠው ያ የአዲስ ወረቀትና የቀለም ሽታ ወጣ፤ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ እንቶኔ፣ ግነት፣ ምጸት የሚሉት ስሞች ከተጠያየቅን ዘመን እንዳለፈን የድሮ ጎረቤቶች ተራ በተራ አዩኝ። ሳላስበው፣ «ደመናዋ ጡቷ የተወጠረ ላም ናት፤ ሳትታለብ አታድርም» አልኳት። ልጅቱ ላም ስትታለብ አይታ አታውቅም፤ ለእሷ ወተት በጀሪካን የሚመጣ ነገር ነው። ቢሆንም አፏን ከፍታ አየችኝና፣ «ከየት አመጣሽው?» አለች።

«ከራሴ» አልኳት። በጾም ቀን፣ ያውም ከኪዳን ተመልሼ፣ ለአንድ ፍሬ ልጅ ዋሸሁ።

ቃሉ የእናንዬ ነው። እናንዬ ከጉና ተራራ ሥር፣ ከገብስ ሌላ ብዙም ከማይበቅልበት ደጋ፣ ደብረ ታቦር ልትማር የመጣች የዕድሜ እኩያዬ ነበረች። በዚያ በደርግ ጊዜ የገጠር ተማሪ ከተማ ውስጥ ክፍል ይከራይና አርብ አርብ ወደ ወላጆቹ ወጥቶ፣ እሑድ የሳምንት ስንቁን በጀርባው አዝሎ ይመለሳል። እሷም ከጓሯችን ያለችውን ጠባብ ክፍል ያዘች፤ አባቴ ግን «ሴት ልጅ ብቻዋን አፍጥጣ ደረቅ እንጀራ አትበላም» ብለው ራት ከእኛ ጋር እንድትቀርብ አደረጉ። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ክስና የምስክር ቃል ሲጽፉ ስለሚውሉ፣ ቤት ሲገቡ ቃል የሚባል ነገር ሰልችቷቸው ነው የሚገቡት። ሲስቁ አይቼ አላውቅም ብል ግነት ይሆንብኛል፤ ሦስት ጊዜ ያህል አይቻለሁ።

እናንዬ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት፣ በጥቅምት ውርጭ፣ ሁላችንም ምድጃውን ከበን ሳለ እናቴ «ዘንድሮስ ብርዱ ጠና» አለች፤ እናንዬም አንገቷን እንደ ደፋች፣ «ብርዱማ እትዬ ያልተጠራ እንግዳ ነው፤ ባለቤቱን ገፍቶ ምድጃ ሥር ይቀመጣል» ብላ መለሰች። አባቴ ጉርሻው ትን እስኪላቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ በየማታው መሶቡ ሲቀርብ፣ «እስኪ እናንዬ፣ የዛሬን ብርድ ምን ትይዋለሽ?» ማለት ልማዳቸው ሆነ፤ እሷም አንድ ቀን የተናገረችውን ደግማ አታውቅም። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ አንደኛ ወጥቼ ሠርተፊኬት ሳመጣ «ጎሽ» ብለው ኪሳቸው የሚከቱ አባት፣ ለአንዲት የገጠር ልጅ አፍ ጉርሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ! አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አስቤ፣ አሰናድቼ፣ እሷ ገና እጇን ስትታጠብ ቀደምኳትና፣ «አባባ፣ ብርዱ እንደ በረዶ ነው» አልኩ።

«ልክ ነሽ ልጄ፣ በረዶ ይበርዳል» አሉና ወደ ወጡ ተመለሱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ክፍል ውስጥም ይኸው ነበር። የአማርኛ መምህራችን ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ፣ ኮቱ ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ወጣት ነበር። የዘይቤ ዓይነቶችን ሰሌዳ ላይ በደረደረ ማግስት እኔ ሁሉንም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤ መጣሁ። ሰውኛ ዘይቤ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ ተነሥቼ፣ ሰው ላልሆነ ነገር የሰውን ባሕርይ የሚያላብስ የአነጋገር ስልት መሆኑን አንዲት ቃል ሳላጎድል ተናገርኩ። እናንዬን ሲጠይቃት ግን፣ «ስሙን አላውቀውም ቲቸር» አለች። «ምሳሌስ?» ቢላት በመስኮቱ ወደ ውጭ፣ ጭጋግ ወደ ሸፈነው ተራራ አየችና፣ «ጉና ዛሬ ነጠላውን ተከናንቦ ቅዳሴ ቆሟል፤ እስኪያልቅ ፊቱን አያሳየንም» አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳያስበው ወደ መስኮቱ ዞረ። መምህሩ ወደ በሩ ገልመጥ ብሎ ማንም እንደሌለ አየና፣ ቅዳሴ የምትለዋን ቃል ሳያስቀር ሰሌዳው ላይ ጻፈው። የእኔን አልጻፈውም፤ የእኔማ መጽሐፉ ላይ አለ።

እሷ ግን ቅናቴን አልጠረጠረችም። ደብተሬን አይታ፣ «እትዬ፣ የልጅዎ የአበባ ጽሕፈት የተለቀመ ስንዴ ነው፤ አንድ ጠጠር አይገኝበትም» ብላ ለእናቴ ነገረችልኝ። ከልቧ ነበር። እኔ ግን በዚያም ቀናሁ፤ እኔን ለማመስገን እንኳ እኔ የሌለኝ ቃል ነበራት።

ዓመቱ ሲገባደድ የወላጆች ቀን መጣ። መምህሩ «የምትናፍቁትን ሰው ጻፉ፤ የሚበልጠው ወላጅ በተሰበሰበበት ባንዲራው ሥር ይነበባል» አለን። አባቴ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራ አስፈቅደው እንደሚመጡ ተናግረው ስለነበር፣ ያቺን ቦታ የኔ ለማድረግ በእመቤታችን ፊት ስለት እስከ መሳል ደረስኩ። የክፍል አለቃ ስለሆንኩ ደብተሮቹን ሰብስቤ ወደ መምህራን ቢሮ የምወስደው እኔ ነበርኩ፤ በመንገዴ፣ ከጽድ ዛፉ ሥር ቆሜ የእናንዬን ገለጥኩት።

የጻፈችው በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ስለተወሰደው ወንድሟ ነበር። «ወንድሜ የአባቴ ቀኝ በሬ ነው» ይላል። «ዛሬ ቀንበሩ አንድ አንገት ብቻ አለው፤ ሌላው ወገን መሬት ይጎትታል። ቤታችን ክዳኑ የተነሣ ጎተራ ነው፤ ዝናቡ አልመጣም፤ እኛ ግን ሁላችንም ወደ ላይ እናያለን። አንተ የጉና መንገድ፣ ወርደህ ወስደኸዋልና ወጥተህ መልሰው።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባንዲራው ሥር ማን እንደሚቆም ገባኝ።

በማግስቱ መምህሩ ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበና፣ ውስጡ ያሉትን የዘይቤ ዓይነቶች እንድንናገር ጠየቀ። እጄን አወጣሁ። ሁሉም ተለዋጭ፣ እንቶኔ ብዬ የምዘረዝር መስሎት ነበር።

«ሙሾ ነው ቲቸር» አልኩ። «እናቷ ለቅሶ ላይ የምታወርደው ነው። ወንድሟን በቁሙ አልቅሳበታለች።»

የእናንዬ እናት በአገራቸው የታወቁ አልቃሽ መሆናቸውን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ልብስ ስናጥብ፣ በጓደኝነት። በእኛ አገር ደግሞ የሰውን በሬ፣ የሄደበትን መንገድ፣ የተወውን ቤት እየጠሩ መናገር ለሞተ ነው፤ በሕይወት ላለ ሰው እንዲያ ያለ እንደ አሟረተ ይቆጠራል። እሷ ወንድሟ ሲናፍቃት ከልጅነቷ በጆሮዋ የገባውን መንገድ ሳታስተውል ተከትላ ነበር። መምህሩ የሌላ አገር ሰው ነውና አልገባውም፤ ልጆቹ ግን ገባቸው። ከኋላ የተቀመጠች የጋይንት ልጅ «በስመ አብ! በቁሙ?» ብላ አማተበች፤ አንዱ አፈኛ ደግሞ፣ «እናንዬ፣ ተዝካሩ መቼ ነው?» አላት። መምህሩ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ፤ ምኑን እንደሚቆጣ ግን አላወቀም።

እናንዬ አላለቀሰችም። ደብተሯን ተቀበለችና ገጹን ቀስ ብላ ገነጠለችው። ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ አርብን ሳትጠብቅ የዚያኑ ዕለት ወደ ጉና ወጣች፤ የወንድሟ መርዶ መጥቶ እንደሆነ ልታይ። እሑድ ስንቋን አዝላ ስትመለስ እናቴ «ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለሽም?» ብትላት፣ «ደህና ነኝ እትዬ» አለች። ለመምህሩም ሌላ ጽሑፍ እንደማትሰጥ ነገረችው።

ባንዲራው ሥር የቆምኩት እኔ ነኝ። ሐሙሲት ከተማ ስላለችው አክስቴ አነበብኩ፤ ከየዘይቤው ዓይነት አንዳንድ ከትቼበት፣ እያንዳንዱን በቀይ አሥምሬበት ነበር። አክስቴ እንደ ማር ጣፋጭ፣ እንደ ፀሐይ ብሩህ፣ እንደ ወለላ ምናምን ነበረች፤ ማርና ወለላ አንድ መሆናቸውን እንኳ አላስተዋልኩም። አባቴ ኮታቸውን ለብሰው መጥተው አጨበጨቡ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ጽሕፈትሽ ንጹሕ ነው» አሉኝ።

ማታ መሶቡ ቀረበ። አባቴ ጉርሻቸውን ጠቅልለው፣ «እስኪ እናንዬ፣ የዛሬን ብርድ ምን ትይዋለሽ?» አሉ።

«ይበርዳል፣ ጋሼ» አለች።

አባቴ የሚቀጥል መስሏቸው እጃቸውን እንዳነሡ ጠበቁ። አልቀጠለም። ለጥቂት ቀናት ጠየቋት፤ መልሷ ያው ሲሆን ተዉት። እሷ ዝም ካለች ቦታው ለኔ የሚተርፍ መስሎኝ ነበር፤ ቦታው ግን ከእሷ ጋር አብሮ ሄደ። ቤታችን ሰው እየበላ የሚነሣበት ቤት ሆነ።

ወንድሟ በሁለተኛው ዓመት በሕይወት ተመለሰ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቢቀር ኖሮ ቃሌ በአንገቴ ታስሮ ይቀር ነበር። ለንስሐ አባቴ ነግሬ የሰጡኝን ስግደት ሰግጃለሁ፣ ጾሙንም ጾሜያለሁ። እሷን ይቅርታ መጠየቅ ግን ከስግደቱ ከበደኝ። ትምህርቷን ጨርሳ አገሯ ገብታ አገባች፤ እኔም ባሌን ተከትዬ ወደዚህ ወደ ምሥራቅ ወጣሁ።

ዳግመኛ ያየኋት አባቴ ሲሞቱ ነው። ታመዋል ተብዬ ተጠርቼ በሄድኩ በአራተኛው ቀን አረፉ። እናንዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ከጉና ድረስ በእግሯ መጣች። የእናቷ አፍ ለእሷ እንደተላለፈ ሁሉም ያውቃልና ሴቶቹ ክቡን ከፈቱላት። እኔም በልቤ፣ አሁንማ የሞተ ሰው አለ፣ አሁንማ ማንም አይከለክላትም ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ ያን ሁሉ ማታ የጠበቋት፣ አንዲት ቃል እንኳ ከአፏ ይዘው ይሂዱ ብዬ ተመኘሁ። እሷ ሬሳውን ተሳለመች፤ እንባዋ እስኪረግፍ አለቀሰች፤ ቀና ስትል እኔን አየችኝ። መጥታ አቀፈችኝና፣ «እግዜር ያጽናሽ አበባ» ብላ ከሴቶቹ መካከል ዝም ብላ ተቀመጠች።

አጠገቤ የነበረች የማላውቃት ሴት፣ ማን እንደሆንኩ ሳታውቅ፣ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ፣ «ምን ነካት ዛሬ? ባለፈው ወር ለሰፈሯ ሰው፣ ለአንድ ምስኪን ገበሬ ያወረደችው ሙሾ ገና የሰው አፍ ላይ ነው። ወንዱ ሁሉ ጋቢውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ነው ያለቀሰው» አለቻት።

እኔም፣ አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ በአባቴ ሬሳ ፊት ቆሜ፣ ስሙን እንኳ በማላውቀው በዚያ ገበሬ ቀናሁ።