ጋሼ ከቧንቧው ሥር የሚያነጥፉት ጋዜጣ

በቅርቡ ያረፉት አጎቴ ጋሼ፣ ቧንቧ ገጥመው ሲጨርሱ ከሥሩ ደረቅ ጋዜጣ ያነጥፉና በርጩማቸው ላይ ቁጭ ይሉ ነበር። “አለቀ?” ስንላቸው “ጋዜጣው ይንገረን” ይሉን ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዓይን የሚያልፈውን ጠብታ ወረቀት ያሳያል።

በደርግ ጊዜ ኮልፌ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ፣ ከምጽዋ በጀሪካን ላመጧቸው የባሕር ዓሦች የመስታወት ገንዳ ሠሩ። ውሃው በቧንቧ ከገንዳው ሥር ወዳለ በርሜል ወርዶ ይጣራል፤ ከዚያ ፓምፕ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ጋዜጣ አንጥፈው ሲጠብቁ የቀበሌው ሊቀመንበር ገባ። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የተነጠፈው የአገሪቱ መሪ ፎቶ ያለበት ገጽ ነበር።

“ምንድን ነው ይሄ ጓድ? ውሃ ሊያንጠባጥቡባቸው ነው?”

በዚያ ጊዜ ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ይታሰር ነበር። እኔና ባለቤታቸው እትዬ ወደ ጋሼ ዞርን።

“እንዲያውም እንዳላንጠባጥብ ነው” አሉ ጋሼ። “እሳቸውን ከሥር አድርጌ በግዴለሽነት የምገጥም ይመስልዎታል? ይቀመጡና አብረን እንይ።”

ሰውዬው ተቀመጠ። ፓምፑ እያጓራ ጠበቅን። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ወረቀቱን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ደረቅ ነበር። “የቀበሌያችንንም ቧንቧ ይዩልን እንጂ!” ብሎ እየሳቀ ወጣ።

“በሉ አሁኑኑ ያንን ጋዜጣ አንሱት!” አሉ እትዬ።

“ገና ነው፤ ትንሽ ይቆይ” አሉ ጋሼ። ከበርጩማቸውም አልተነሱም።

ዛሬ እትዬ ቤት ቧንቧ ሲበላሽ የምገጥመው እኔ ነኝ። ገጥሜ እንደጨረስኩ ለመሄድ እቸኩላለሁ፤ ጋዜጣ አንጥፈህ ቁጭ በል የሚለኝ የለም።