አልጎርስም ያልኩ ቀን

ልጅ ሳለሁ፣ ኮልፌ ያለው ቤታችን ገና መብራት ሳይገባለት፣ አጎቴ በቀለ ማታ ማታ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ተረት ይነግረን ነበር። ኩራዙ ጢሱን ወደ ጣሪያው ይሰዳል፣ ፍሙ የአጎቴን ፊት ከታች ያቀላዋል፣ እኛ ልጆቹ አንድ ሰሌን ላይ ተጠጋግተን አፍ አፉን እናያለን። ያኔ ነው ስለ አሮጊቷ አንበሳ የነገረን። ልጆቿ ስለሚወዷት «አንቺ አትድከሚ» እያሉ ሥጋውን አላምጠው ያጎርሷት ነበር፤ ሥራ የፈታው ጥርሷም አንድ በአንድ ረገፈ። እኔ ሳቄን ለቀቅሁት። «ምን ዓይነት ጅል ናት! እኔ ብሆን እነክሳቸው ነበር!» አጎቴም «የአንቺስ ምላስ ከጥርስሽ ቀድሞ ነው የበቀለው» ብሎ ቤቱን አሳቀብኝ።

ይኸው አርጅቼ፣ አምና ስትሮክ ቀኝ ጎኔን መታኝ። ከሆስፒታል ስመለስ ቤቱ በጠያቂ ተሞላ። ልጄ ሰናይት ታጎርሰኛለች፣ ጎረቤታችን አሰለፈች ታጎርሰኛለች፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል እያሉ ይደግሙልኛል። ከአየር ጤና እየመጣች እጅ እግሬን የምታሠራኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ «እማማ፣ በዚህችው በታመመችው እጅዎ ራስዎ ይብሉ፤ ሥራ ካጣች ትረሳለች» ብትለኝ፣ «በሰው ፊት እየደፋሁ? ሞቼ እገኛለሁ!» አልኳት። ኩራት ነው፤ አልክደውም። እሷ ስትሄድ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ሰናይትን «ምነው በዚያው በወሰደኝ» ያልኳትም ቀን አለ። ባለሙያዋ ይህን ስትሰማ አልተቆጣችኝም። «ከዚህ በሽታ በኋላ ብዙ ሰው ይከፋዋል፤ ጥፋትዎ አይደለም። ለሐኪሙ እንንገረው» አለች። ነገርነው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ሰናይት ጠቅልላ ወደ አፌ ስታስጠጋ፣ ያ የልጅነት ሳቄ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። አፌን ገጠምኩ።

«አልጎርስም።»

«እማዬ፣ ምን አጠፋሁ?» ፊቷ ተለዋወጠ፤ ጉርሻ መመለስ በኛ ቤት ስድብ ነው።

«ምንም። እጅሽን ሰብስቢ።»

የታመመችው እጄን ወደ ትሪው ላክኋት። ጣቶቼ እንጀራውን ይይዙና ይለቁታል፤ ሽሮው ቀሚሴ ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ። ልትጠይቀኝ መጥታ አብራን የነበረችው አሰለፈች እንዳላፍር ዓይኗን ወደ በሩ አዞረችልኝ። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ አንዲት ቁራሽ ከንፈሬ ደረሰች። ቀዝቅዛለች። ዋጥኳት።

ቀና ስል ሰናይት ሁለት እጆቿን ከጭኗ ሥር ከታ ተቀምጣባቸዋለች፤ እንባዋ ይወርዳል፣ አትጠርገውም።

«ምን ያስለቅስሻል፣ አልሞትኩ!» አልኳት።

ዛሬም አዝራር መቆለፍ አቅቶኛል፤ ምሳዬን ግን ራሴ እበላለሁ። ጠያቂ ሁሉ ጣቶቼን እያየ እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ ያመስግን። እኔ ልብ ውስጥ የቀሩት ግን እነዚያ ከጭኗ ሥር የታሰሩ የሰናይት እጆች ናቸው። ያን ቀን ከኔ እጅ ይልቅ ከባዱን ሥራ የሠሩት እነሱ ነበሩ።