ቡሬ የመረጥነው ማጫወቻ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ነገር ቡሬ ሄደን የዲቪዲ ማጫወቻ መምረጥ ነው። ዐረብ አገር ያለችው ልጃችን እዚያ ከገዛቻቸው መንፈሳዊ ፊልሞች ጋር የሠርጓን ዲስክ በሰው ልካልን ነበር። ፍኖተ ሰላም ያለው የቤታችን ማጫወቻ ግን «የሌላ አገር ዲስክ ነው» የሚል ጽሑፍ እያወጣ ሁሉንም መለሳቸው። ባለቤቴ የሠርጉን ዲስክ በንጹሕ መሐረብ ጠቅልሎ በኮቱ የውስጥ ኪስ ያዘና ተነሣን።

ሱቁ ውስጥ ማጫወቻዎቹን አንድ በአንድ አስከፈተ። ባለሱቁ የሚያብረቀርቁትን እያነሣ ሲያሳየው እሱ፣ «መልኩን ተወው፤ ይችን ያነባል ወይ?» ይላል። አንደኛው ዲስኩን መልሶ ተፋው። ሌላው ድምፅ ብቻ አሰማ። በመጨረሻ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰ ወፍራም ማጫወቻ ወረደና ልጃችን በነጭ ቬሎ ብቅ አለች።

የገበያ ቀን ስለነበር በሩ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ባለሱቁ፣ «እኛን ሳይጠሩ ዳሩ!» ብሎ ባለቤቴን ወቀሰው። ጆንያ የተሸከመ ሰውዬ፣ «ጋሼ፣ ትከሻዋን ብርድ እንዳይመታት አንድ ጋቢ ይላኩላት እንጂ» አለ። ሰው ሳቀ። ባለቤቴም አብሮ ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከልጃችን ላይ አላነሣም። የእኔ ፊት ጋለ። የልጄ ትከሻ ገበያ የወጣ መሰለኝ።

«አስጠፋውና እንሂድ። ቤታችን እናየዋለን» አልኩት።

«ትንሽ ቆዪ፤ ወደ ወንበሩ እየሄደች ነው።»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስቤ ወጣሁ። ጥቂት ቆይቶ ማጫወቻውን ታቅፎ ተከተለኝ።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ መብራት የለም። መብራቱ ሳይመለስ እሱ ታመመ፤ ከዚያም አልተነሣም። ቤቱ የሐዘን ቤት ሆነና ቴሌቪዥኑ በጥቁር ጨርቅ ተሸፈነ። ለቀስተኛ ተቀምጦ ሳለ ልጄ ደወለች። ብዙ ካለቀሰች በኋላ፣ «እማዬ፣ አባዬ ሠርጌን እስከ መጨረሻው አየው?» አለችኝ።

ለምን እንደጠየቀችኝ አላወቅሁም። «አይቶታል፣ መርቆሻልም» አልኳት። ድምፅዋ ትንሽ ረጋ አለ።

ጨርቁን ያነሣሁት ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው። ዲስኩን ስከፍተው ልጄ ቡሬ ካቋረጥናት ቦታ ተነሥታ ወደ ወንበሩ ሄደች። ወንበሩ ላይ ሰው የለም፤ የተጣጠፈ ነጭ ጋቢ ብቻ አለ። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የአባቷን ጉልበት እንደምትስም፣ ቬሎዋን ሰብስባ ተንበረከከችና ጋቢውን ሳመችው። ከዚያ ቀና ብላ ወደ እኛ እያየች ዝም አለች። ምርቃቱን እየጠበቀች ነበር። ባለቤቴ ያን ዕለት ወንበሩ የእሱ መሆኑ ገብቶት እንደሆነ አላውቅም።

ለልጄ እውነቱን እስካሁን አልነገርኳትም፤ ስትደውል ድምፅዋን መስማት ያሳፍረኛል። እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ በሩን ሳልዘጋ ማጫወቻውን እከፍታለሁ፤ ስትንበረከክም በአባቷ ፈንታ እመርቃታለሁ።