ያደረ ውሃ

በቤቴ በር ሥር ሁልጊዜ አንድ ባልዲ ውሃ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ «ዛሬም ውሃ ጠፋ እንዴ?» ይለኛል፤ እንጅባራ ውስጥ ባልዲ ሙሉ ውሃ ያየ ሰው ሌላ ምን ያስባል። እኔ ግን የማሳድረው ለአሳዎቼ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን የሚሉት መድኃኒቱ እስኪወጣለት ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር አለበት። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በልጅነቴ እቤታችን አርፎ የሚያድር ነገር አልነበረም፤ ውሃውም፣ እኛም።

እናቴ ወንድሜን አርግዛ ሳለ ደም ግፊቷ አልወርድ አለና ባሕር ዳር ሆስፒታል እስክትወልድ ተኝታ እንድትቆይ ተደረገ። አባቴ አድርሷት ሲመለስ በአንድ እጁ ባዶ ምሳ ዕቃ፣ በሌላው ውሃ የተሞላ ላስቲክ ይዞ ገባ። ላስቲኩ ውስጥ ሦስት ቀያይ አሳዎች ይርመሰመሳሉ። «እናትሽ ናት የላከችልሽ» አለኝ። ውሸቱን እንደሆነ ገብቶኛል፤ አባቴ ሲዋሽ አፍንጫውን ያሻል። ያለ እሷ ባዶ እጁን መግባት ቢከብደው የገዛቸው ናቸው። በርና መስኮት ሠሪ ስለነበር ትርፍራፊ መስታወት በሲሊኮን አጣብቆ ገንዳ ሠራላቸው። ሲሊኮኑ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ ያ ገንዳ ትዝ ይለኛል።

ያን ማታ ለራሴ አንድ ነገር ወሰንሁ። አሳዎቹ ከኖሩ እማዬ ትመለሳለች፤ ከሞቱ ግን አትመለስም። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም ለማንም አልተናገርሁም። ክፍል ውስጥ እግሬ አላርፍ ብሎ ዴስኩን ያንቀጠቅጠዋል፤ መምህሯ «መርፌ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» ትለኝ ነበር። የመውጫ ደወል ሲደወል ጓደኞቼ ሰኞ ማክሰኞ ሊጫወቱ ይሮጣሉ፣ እኔ ወደ ገንዳዬ።

ብዙም ሳይቆይ ውሃው ነጣ፤ የሩዝ እጣቢ መሰለ። አባቴ ሙልጭ አድርጎ ደፋውና ከቧንቧው አዲስ ሞላ። እንደገና ደፈረሰ። እንደገና ደፋው። ጠዋት ሊወጣ ሲል፣ ማታ ሲገባ፣ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ እጁ ጆግ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ጉልበት እንዲያገኙ ብዬ የእንጀራ ፍርፋሪ እበትንላቸዋለሁ። እንዲህ ስንንከባከባቸው አንዱ በጎኑ ተንሳፈፈ። አባቴ ያላየሁ መስሎት በወረቀት ጠቅልሎ ይዞት ወጣ።

በዚህ መሃል የአባቴ ታላቅ እህት ልታግዘን ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ መጣች። አባቴ እታለም ስለሚላት እኔም እታለም ነበር የምላት። ገንዳውን አየት አደረገችና «ጥፋቱ የዕቃው ነው» ብላ ፈረደች። እንስራ እንደምታጥብ በግራዋ ቅጠል ፈተገችው፤ ከዚያም ወይራ አጭሳ አፉን በጭሱ ላይ ደፍታ አጠነችውና አዲስ ውሃ ሞልታ አሳዎቹን መለሰቻቸው። ቤቱ መዓዛ በመዓዛ ሆነ። ያንን ውሃ ለሰው ብትሰጠው ኖሮ እያጣጣመ ይመርቃት ነበር። አሳ ግን ምርቃት አያውቅም፤ በማግስቱ ሁለተኛው ሞተ።

በሩ ኋላ ተወሽቄ ስነፋረቅ አባቴ አገኘኝ። «ለአሳ እንዲህ ይለቀሳል?»

«እማዬም ትሞታለች» አልሁት፤ የደበቅሁትን ሁሉ ዘረገፍሁለት።

አባቴ ብድግ አለ። ጆጉን አንስቶ ወደ ገንዳው ሄደ። እታለም ምስር ከምትለቅምበት ተነስታ ጆጉን ከእጁ ቀማችው።

«ቁጭ በል ወንድሜ። እሷን የምትረዳበት ብታጣ ጊዜ ይኼን ውሃ ታምሰዋለህ። እኔም አመስሁት። ሳይደፈርስ አይጠራም፤ እስቲ እንተወው።»

ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከአሳው ሞት ይልቅ ያ አስፈራኝ።

ከዚያ ወዲያ እታለም ሰፌዷን ይዛ ገንዳው ፊት ተተከለች። ማንም እንዳይነካው። እኔም እጄ አላርፍ ሲል እቀመጥበታለሁ። ውሃው ግን ነጭ እንደሆነ ነው። ስልኩ የተደወለው ውሃው ገና ሳይጠራ ነበር። አባቴ ኔትወርክ ፍለጋ እየሮጠ ወጣ፤ ሲመለስ ጫማው በአንድ እግሩ ብቻ ነበር። «ወንድ ነው። እናትሽም ደህና ናት።» እታለም እልል ስትል እኔ ወደ ገንዳው ሮጥሁ። በነጩ ውሃ ውስጥ አንዲት ቀይ ጅራት ውልብ አለችልኝ።

እናቴ ሕፃኑን ታቅፋ ስትገባ፣ ገና ሳትቀመጥ ዓይኗ ገንዳው ላይ አረፈ። «ይኼን ደፍራሻ ምን ብላችሁ ነው ያስቀመጣችሁት?» ብላ ጆጉን ልታነሳ እጇን ዘረጋች። ሦስታችንም በአንድ አፍ «ተይው» አልናት። ደነገጠች፤ ኋላ ታሪኩን ስትሰማ እያለቀሰች ሳቀች። ውሃው ቀስ በቀስ በራሱ ጊዜ ጠራ። ያች አሳም ወንድሜ ዳዴ እስኪል ድረስ ኖረች።

ዛሬ የኔ ገንዳ ማጣሪያ አለው። የአሳን ቆሻሻ የሚበሉት ዓይን የማያያቸው ፍጥረታት እስኪለምዱ አዲስ ገንዳ እንደሚደፈርስ፣ ውሃውን ሙልጭ አድርጎ መድፋት ደግሞ እነሱንም ጠራርጎ እንደሚያወጣ አውቃለሁ። ምግብ በቁንጥር እሰጣለሁ፤ ውሃውንም በየጊዜው በጥቂቱ ብቻ፣ ባደረ ውሃ እለውጣለሁ። ያኔ ይህን አንዱንም አናውቅም ነበር። መጠበቅ ግን ያኔም አንችልበትም ነበር፣ አሁንም አልቻልንበትም።

በቀደም እናቴ ወንድሜን ልትጠይቅ ዳንግላ ሄዳ መመለሻዋ አለፈ። ኔትወርክ የለም። ሚኒባስ አልገባም ይላሉ። አባቴ እኔ ቤት ሆኖ ሲጠብቃት ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ በመስኮት ያያል። አርጅቷል፤ ጉልበቱ እንዲህ መመላለሱን አይችልም። ኋላ ገንዳው አጠገብ ቆመና «ይኼ ውሃ አልደፈረሰም?» አለኝ።

ውሃው ከሥር ያለው ጠጠር አንድ በአንድ እስኪቆጠር ጥርት ብሏል። ልነግረው አፌን ከፈትሁና ተውሁት። አፍንጫዬን አሽቼ «ትንሽ የደፈረሰ ይመስላል አባዬ» አልሁት። ከገንዳው ጥቂት ቀነስሁለትና ከበሩ ሥር ካደረው ውሃ በጆግ ቀድቼ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ይዞ ቀስ አድርጎ አፈሰሰው። ወደ በሩ ጆሮዬን ጣልሁ፤ ኮቴ የለም። ለራሴም አንድ ጆግ ቀዳሁ።