በነፋስ ሰዓት እሳት አይጫርም

አማቴን እማማ አየሁሽን እህል ለምኖ ያጣ፣ ውሃ ጠይቆ ከነጥሙ የተመለሰ ሰው የለም። ስማቸው የጠፋው በእሳት ነው። «እሳት የከለከለች» ይሏቸው ነበር። ይህ ስድብ እንዴት እንደሚያም ከደጋ የመጣ ሰው ያውቀዋል። እማማ በተወለዱበት በደንቢያ፣ ምድጃዋ የጠፋባት ሴት የሸክላ ስባሪ ገሏን ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች፤ ሁለት ሦስት ፍም ይጫርላታል፤ ትመለሳለች። ምስጋና እንኳ አይጠበቅባትም። የተኳረፉ ጎረቤቶች እንኳ እሳት አይከላከሉም። አማቴ ግን ይከለክሉ ነበር፤ ያውም በየዓመቱ፣ ያውም ለሁሉም።

መንደራችን በቆላው፣ ገንዳ ውሃ ከሚባለው ቦታ ትንሽ ራቅ ብላ በወንዝ ዳር ያለች፣ ቤቱም ጎተራውም ክዳኑ ሣር የሆነ መንደር ነበረች። ከጥር በኋላ ወንዙ አሸዋ ይሆናል፤ በዙሪያችን ያለው ሣር ከወገብ በላይ እንደ ቆመ ይደርቃል። የካቲት ሲጋመስ ነፋሱ ይነሣል። ረፋድ ላይ ይጀምርና ፀሐይ እስክትጠልቅ አይተኛም።

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት በነበረው በጋ አንዲት ጎረቤት ከእማማ ቤት እሳት ጭራ ስትመለስ፣ ነፋሱ ፍሙን ከገሏ ላይ አነሣባት። እማማ እሳቱን የሰጧት መርቀው ነበር። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መንደሩ አመድ ሆነ። የሞተ ሰው አልነበረም፤ ማሽላው ግን ከነጎተራው ነደደ፤ ያን ክረምት ሰው ቅጠል ቀቅሎ በላ። ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ ነፋስ ነው ተባለና ታለፈ። እማማ ግን «ነፋሱማ በየዓመቱ ይመጣል። እሳቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አሉ።

መንደሩ እንደገና ሲሠራ ምድጃቸውን ጉድጓድ ቆፍረው ከመሬት በታች አወረዱት። የቤታቸውንም ክዳን በየበጋው ጭቃ ይለቀልቁታል። ከዚያ ወዲያ ሕጋቸው አንድ ነበር። ጎሕ ሲቀድ፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ለመጣው ሁሉ እሳት ይጫራል። ሰው የቀኑን ያበስልና ምድጃው ላይ ውሃ ያፈሳል። ነፋስ ከተነሣ በኋላ በመንደሩ ውስጥ ያለው እሳት የእማማ ብቻ ነው፤ እሱም የክርክራ ዛፍ ጉቶ ላይ ተይዞ፣ አመድ ተዳፍኖበት ይውላል። እስከ ማታ ከዚያ በር ፍም አይወጣም። ስለዚህ ምሳ ቀዝቃዛ ነው። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባ የጠበቀኝ የቀዘቀዘ ሽሮ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ያማረረ ብዙ ነው። ጎረቤታችን አያ ሸጋው «ጣሊያን ከላይ ይገዛናል፣ አየሁሽ ከታች» ይል ነበር። እማማ ይሰሙታል፤ ይስቃሉ፤ ግን እሳት አይሰጡትም።

በኋላ ደግሞ ክብሪት መጣ። ነጋዴው ኸሊል ከድንበር ማዶ ከገዳሪፍ በግመል አስመጥቶ ሱቁ ውስጥ ደረደረው። እሳት ኪስ ውስጥ ከገባ የእማማ ክልከላ ያበቃለታል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ሱቁ ድረስ ሄዱና «ሽጥ፤ በነፋስ ሰዓት ግን አትሽጥ» አሉት።

«እማማ፣ ይኸ እኮ ንግድ ነው» አላቸው።

«ይኸም መንደር ነው» አሉት።

ኸሊል ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ነፋስ ሲነሣ የክብሪቱን ሣጥን በጆንያ ሸፈን ያደርገዋል። አምኖበት ይሁን ወይስ ንዝንዛቸውን ፈርቶ፣ እኔ አላውቅም።

ነገሩ የመጣው በ1931 ዓ.ም. በመጋቢት ነው። ከኸሊልና ከአያ ሸጋው በቀር ወንዶቹ የሉም። የእማማ ልጅ፣ ባሌ አገኘሁ፣ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብቷል፤ ሌሎቹን ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ወስዷቸዋል። የዚያን ቀን ነፋሱ ክፉ ነበር፤ ፍየሎቹ እንኳ ከግድግዳ ተጠግተው ቆመዋል። ቀትር ላይ የኸሊልን ሚስት ዘሊካን ምጥ ያዛት። ዘሊካ ከዚያ በፊት ወልዳ ሁለቱንም የቀበረች ናት። አሁን ደግሞ ከምጡ ጋር ንዳዱ ተነሣባት። የቆላ ንዳድ ሲጀምር ብርድ ብርድ ይላል፤ በዚያ ሐሩር መካከል ጥርስ ያንቀጫቅጫል። እማማ ሙቅ ውሃ በእንስራ ሰደዱላት፤ ያደረስሁት እኔ ነኝ። አልበቃትም። አዋላጇ ዋሲላ እግሯን ዳስሳ «ከእግሯ ሥር እሳት ካልተቀመጠ የምትገፋበት አቅም የላትም» አለች።

እኔ ከመመለሴ ኸሊል ከኋላዬ ሮጦ ደረሰ። በራችን ላይ ቆሞ ገል ዘረጋ። ሱቅ ሙሉ ክብሪት ያለው ሰው ገል ይዞ መጣ።

«ክብሪት የለህም?» አሉት እማማ።

«አለኝ። ልጭረው አንሥቼው ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። እማማ፣ እርስዎ ይስጡኝ።»

ሴቶቹ ከየበራቸው ወጥተው ያያሉ። የሚያስቡት ፊታቸው ላይ ይነበባል። ለወላድም ትከለክል እንደሆነ ዛሬ ይለይላታል ይላሉ። ከሰጡ ሕጉ በዚያው ቀን ሞተ፤ ነገ ልጅ የታመመባት ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያ ራሱን ያመመው ይመጣል። ከከለከሉና ዘሊካ ከሞተች ደግሞ እማማ በዚያ መንደር ሰው ተብለው አይኖሩም። እኔም የእሳቸው ምራት ነኝ፤ ስድቡ ለእኔም ይተርፋል።

እማማ ገሉን ከእጁ ተቀብለው መሬት ላይ አኖሩት።

«ከዚህ ቤት እሳት አይወጣም» አሉ። «እሷን አምጣት።»

«በዚህ ምጥ? በዚህ ነፋስ?»

«ከነአልጋዋ። ሸጋው አንድ ጎን ይይዛል፤ እኛም አለን።»

ኸሊል አተኩሮ አያቸው። የሚሰድባቸው መስሎኝ ነበር። ዞረና ወደ ቤቱ ሮጠ።

ዘሊካን በጠፍር አልጋዋ ላይ እንዳለች አነሣናት። ኸሊልና አያ ሸጋው በራስጌ፣ እኔና እማማ በግርጌ ያዝን። ሌሎቹ ሴቶች አቧራ እንዳያገኛት፣ ዓይንም እንዳያያት፣ ነጠላ ከላይ ዘርግተው ተከተሉ። ጎተራዎቹ ጋ ስንደርስ ነፋሱ አንዱን ነጠላ ከእጃቸው ነጥቆ ወሰደው። በጎተራዎቹ ላይ አሳልፎ የአያ ሸጋው ቤት ክዳን ላይ ለጠፈው። ሁላችንም ቆም አልን። አያ ሸጋው ነጠላውን አየ፤ የደረቀ የሣር ክዳኑን አየ። አልጋውን ወደ ትከሻው ከፍ አድርጎ እርምጃውን ጨመረ።

ከምድጃው ጉድጓድ ዳር አስተኛናት። እማማ አመዱን ሲገልጡት ፍሙ ቀልቶ ነበር። እንጨት ጨመሩ፤ የዘሊካን እግር ጭናቸው ላይ አድርገው ያሹት ጀመር። ዋሲላ አላህን ትጠራለች፣ እማማ ማርያምን ይጠራሉ፣ እኔ ሁለቱንም እጠራለሁ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ንዳዱ ለቀቃት፤ ወዲያው ሴት ልጅ ተወለደች። የልጅቱ ጩኸት መንደሩን ሞላው። ኸሊል ውጭ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

ገንፎውን ያገነፉት እማማ ናቸው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነውና ቅቤ የገባበትን መቅመስ አልቻሉም። ማንኪያውን ለዘሊካ ሰጥተው «እስቲ ጨዉን እዪልኝ» አሏት።

«ይጎድለዋል» አለች ዘሊካ። ገንፎ ስትነቅፍ ስሰማ በሕይወት መኖሯን ያን ጊዜ አመንሁ።

ሲመሽ ነፋሱ ተኛ፤ ሴቶቹም ገል እየያዙ መጡ። የዚያን ቀን እማማ እሳቱን እኔ እንዳድል ነገሩኝና በጓሮ በኩል ወጡ። አድዬ ስጨርስ ተከተልኋቸው። የማሽላ አገዳ ክምር ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ልጃቸው ጫካ ሲገባ እንኳ እንባቸውን አላየሁም ነበር።

«ሁሉም በሰላም አለቀ እኮ፤ ምን ያስለቅስዎታል?» አልኋቸው።

ከአጠገባቸው ተቀመጥሁ። ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ የዋለውን ጠየቅሁ።

«አልጋው የማይነሣ ቢሆን ኖሮ፣ እሷም የማትነቃነቅ ብትሆን ኖሮ፣ እሳቱን ይሰጡት ነበር?»

በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከቤት ውስጥ የሕፃኗ ለቅሶ ይሰማል።

«አልሰጥም ነበር» አሉ። «ለዚያ ነው የማለቅስ።»