ዝናብ የማያስገባው ጃኬት

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አዲስ ሃይማኖት ይዟል፤ አምላኩ ዝናብ የማያስገባ፣ ላብ የሚያስወጣ ጃኬት ነው። በልዩ ሳሙና ብቻ ያጥበዋል፤ የልብስ ማለስለሻ ያስነካው ሰው ወዮለት። ሁለቴ አለቅልቆ ድራየር ውስጥ በመለስተኛ ሙቀት ያደርቀዋል፤ ሙቀቱ ውሃ የሚያንሸራትተውን ቅብ ያድሰዋል ይላል። እኔ የሚተነፍስ ጨርቅ በሚባል ነገር አላምንም። የሚተነፍሰው ሳንባ ያለው ነው።

ለፋሲካ ቅርጫ ከሚኒያፖሊስ ወጣ ወዳለ እርሻ ሄድን። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል። ገበሬው ጠመንጃ አምጥቶ "በአንድ ጥይት ልገላግላችሁ" ቢለን፣ በወጋችን እናርዳለን ብለን መለስነው። ወግ አጥባቂዎቹም አንድ የትራክ ሾፌር፣ ጃኬት አምላኪው አማቼና ከዳቦ ሌላ ቆርጬ የማላውቀው እኔ ነበርን። ጨጓራውን ልታጥብ የመጣች ጎረቤታችን ነርስም አብራን ነበረች።

በሬው በገመድ ተጠልፎ ወደቀ። አማቼ ቀንዱን ይዞ አንገቱ ላይ ተጫነ። ሾፌሩ ቢላዋውን ሲያስገባ በሬው በጉልበቱ ተነሳና ጉሮሮው እያፏጨ ጭቃው ላይ ጎተተን። ደሙ ዓይናችን ውስጥ፣ አፋችን ውስጥ ገባ። ሾፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘውን ይወጋል። በሬው ብዙ ተንፈራግጦ ሞተ።

"እየው ጋሼ!" አለኝ አማቼ እጁን ዘርግቶ። የበሬው ደም ጃኬቱ ላይ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይወርዳል።

ቆዳውን ስንገፍ ግን ትከሻውን ደጋግሞ ይነቀንቅ ጀመር።

"ምን ሆንክ?"

"በላብ ራስኩ። እጅጌዬ ውሃ ሞልቷል። ቆሻሻ ደፍኖት ነው፤ መታጠብ አለበት።"

"ታዲያ የሚተነፍሰው ጃኬትህ ታፍኖ ሞተ በለኛ!"

ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ከንፈሩ ነጣ፤ በጎኑ ወደቀ።

ነርሷ የእጅጌውን ጫፍ ጥብቅ አድርጎ የዘጋበትን ማጣበቂያ ስታላቅቀው ደም ከባልዲ እንደተደፋ ወረደ። ሾፌሩ በጭፍን ሲወጋ ቢላዋው የአማቼ ቀኝ ብብት ሥር ገብቶ ኖሯል። በደንብ የታጠበው ጨርቅ የበሬውን ደም ከውጭ፣ የእሱን ከውስጥ ይዞ አቆመው፤ ማናችንም አላየንም።

"መቀስ!" ብላ ጮኸች።

"አትቁረጪው! እትዬ፣ ዚፕ አለው!" በደህናው እጁ ገፈተራት።

በጥፊ አጮለችው። "ዝም በል! ጃኬትህን ለብሰህ ልትቀበር ነው?" እጅጌውን በመቀስ እስከ አንገቱ ሰነጠቀችው።

አምቡላንስ እስኪመጣ አይቆይም ብላ መኪናዋን አስነሳች። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ቡጢዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ብብቱ ውስጥ ወትፌያለሁ። "እንዳይተኛ! ዝም ካለ ምታው" አለችኝ። ሰደብኩት፤ መለሰልኝ። ሰደብኩት፤ ዝም አለ። ጉንጩን መታሁት። ደገምኩት። በመጨረሻ ባለኝ ጉልበት በቡጢ አቀመስኩት።

"ጋሼ… ከተነሳሁ እገድልሃለሁ" አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"ተነሳና ግደለኛ!" አልኩት፤ መታሁት።

ሆስፒታል ደም ሰጥተው ሰፉት። ሲነቃ ሐኪሟ ያበጠ ጉንጩን ነካ አድርጋ፣ "ይህስ በሬው ነው?" አለችው። ቀኝ እጁን አንስቶ ወደ እኔ ሊጠቁም ሞከረ። ጣቶቹ አልታዘዙትም።